ድሪቶ የተባለው አልጋ ልብስ

ሐሚዳ ከሻርጃ የተመለሰች ዕለት፣ ወሎ ሰፈር ውስጥ ሥራ ያለውም የሌለውም ሰው ወንድሟ ግቢ ተሰብስቦ ነበር። «እንኳን በሰላም መጣሽ» ማለቱ ሰበብ ነው፤ ሰው የመጣው ሻንጣው ሲከፈት ለማየት ነው። ዘመኑ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያን ጊዜ ከአረብ አገር የተመለሰች ሴት ሻንጣ ከቴሌቪዥን ይበልጥ ነበር። ወርቅ ይወጣል፣ ሽቶ ይወጣል፣ ሲረግጡት የሚበራ የሕፃን ጫማ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ያ ወፍራሙ፣ ነብር የተሣለበት ብርድ ልብስ ይወጣል። ነብር ያልያዘች ተመላሽ እንደ ተመላሽ አትቆጠርም ነበር። የወንድሟ የአብዱልገኒ ሚስት ሉባባ፣ ለነብሩ ማስቀመጫ የሚሆን ቦታ ቁም ሣጥኑ ላይ ካስለቀቀች ሰንብታለች።

ሻንጣው ተከፈተ። ሐሚዳ ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ለሴቶቹ ሻሽ፣ ለወንዶቹ ሽርጥ፣ ለልጆቹ ከረሜላ ደረሳቸው። ሉባባም የጆሮ ወርቅ አገኘች። ሻንጣው እየጎደለ ሄዶ ወለሉ ሲታይ ግን ነብሩ የለም። በነብሩ ፈንታ የወጣው ከብዙ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ ቀዩ ከቢጫው፣ ቢጫው ከአረንጓዴው ጋር የተሰፋ አንድ አነስተኛ ድርብ ልብስ ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ሉባባ።

«ሪሊ ይባላል፤» አለች ሐሚዳ ፊቷ በርቶ። «መልመጃዬ ነው፤ በገዛ እጄ ነው የሰፋሁት። ለሳና ሠርግ ከዚህ የሚበልጥ፣ ሙሉ አልጋ የሚያለብስ እሠራላታለሁ ኢንሻአላህ።»

ሳና የሐሚዳ ልጅ ናት። ከረመዳን ፆም በኋላ ልትዳር ታጭታለች። ጨርቁን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ገለበጠችው።

«ድሪቶ?» አለች።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ልጅቷ ለክፋት አላለችውም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ድሪቶ ምን እንደሆነ የማያውቅ አበሻ የለም። ልብሱ አልቆ መግዣ ያጣ ሰው፣ በቀዳዳው ላይ እራፊ፣ በእራፊው ላይ ሌላ እራፊ እየጣፈ የሚለብሰው የችግር ልብስ ነው። ለጠላት እንኳ አይመኙትም፤ ሙሽራ ይዛው ወደ አማቶቿ ትሂድ ቢሉማ የሚሰማ ጆሮም የለም። ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ሐሚዳ ጨርቁን ተቀብላ አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ መለሰችው። ፊቷ እሳት የነካው ያህል ነደደ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ኋላ ልመለስ። ሐሚዳ ባሏ በደሴ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሲሞትባት፣ ሳናን ገና የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ለወንድሟና ለሉባባ ትታ ነው አገር የለቀቀችው። ላቧ ግድግዳ ሆኗል፣ ጣሪያ ሆኗል፣ ለሳናም ደብተርና ጫማ ሆኗል። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሳና ስትታመም ግንባሯን የዳሰሰችው ሉባባ ናት፤ የወር አበባዋ ሲመጣ ሮጣ የነገረችው ለሉባባ ነው፤ ሃይደር የሚባለው ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡን ሹክ ያለችውም ለእሷው ነው። ሐሚዳ ይህን ሁሉ የሰማችው በስልክ ነው፣ መስመሩ እየተቆራረጠ።

ሻርጃ ውስጥ ከምትሠራበት ግቢ አጠገብ፣ ባክታ የምትባል የሲንድ አገር ሴት ነበረች፣ ፓኪስታናዊት። አሠሪዎቻቸው ምሳ በልተው ሲተኙ ሁለቱ ከአጥሩ ጥላ ሥር ይገናኛሉ። የሚግባቡት በተሰባበረ አረብኛ ነው። ባክታ እጇ ሥራ አይፈታም፤ አሮጌ ልብስ ቀዳ፣ ቁርጥራጩን ገጣጥማ፣ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ደርባ ዳር እስከ ዳር በመርፌ ታርሰዋለች። «በእኛ አገር፣» አለቻት አንድ ቀን፣ «ሙሽራ እናቷ የሰፋችውን ሪሊ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። ጨርቁን ደግሞ ከሱቅ አንገዛም። ልጅቷን ከሚወዷት ሰዎች እንለምናለን፤ እነሱም መርቀው ይሰጡናል።» ሐሚዳ ያን ቀን መርፌ ያዘች። ልጇ የምትበላውን ልካለች፣ የምትለብሰውን ልካለች፤ በእጇ የሠራችላት ግን አንዳች ነገር የለም። ሳና ስትዳር በእኔ እጅ ሥራ ትሸኛለች ብላ ለራሷ ቃል ገባች።

እዚያ ያለችው እመቤቷ በሩን አልዘጋችባትም። «ሠርጉ ካለፈ በኋላ ተመለሺ፣ ቪዛሽ አይቃጠልም» ብላታለች። ሐሚዳም በልቧ ቆርጣ ነው የመጣችው። ሳና የእጇን ሥራ ይዛ ከሄደች፣ እናትነቷ ቢዘገይም ደርሷልና አገሯ ትቀራለች። ጥላው ከሄደች ግን ወሎ ሰፈር ውስጥ የሚያስቀምጣት ነገር የለም፤ ሻርጃ ተመልሳ የባዕድ ልጅ ማጠቡን ትቀጥላለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያች የሻንጣ ቀን በኋላ ሌላ ሴት ብትሆን ነገሩን ትተወው ነበር። ሐሚዳ ግን ግትር ናት፤ የቦረና ሴት ናት፣ የወሎዋ ቦረና። በማግሥቱ ጠዋት የሟች አባቷን አሮጌ ጋቢ ከሣጥን አወጣች፤ እሱ መሀል ገብቶ ሙቀት ይሰጣል። ያረጀ አንሶላ ለሥሩ አገኘች። ችግሩ ላይኛው ነው። ከቤቱ የተረፈው አሮጌ ልብስ ተቀዶ ተቀዶ ለአንድ ትራስ እንኳ አልበቃም። እናም እግሯ ወደ ልብስ ሰፊው ወደ እሸቴ መራት።

እሸቴ ከአደባባዩ ወረድ ብሎ፣ ከጋራዡ ቀጥሎ ባለው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሰፈሩን ሴት ሁሉ የሚያለብስ ሰው ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አንድ አመል ብቻ አለው። ደንበኛ የምታመጣውን ጨርቅ ለክቶ፣ አጥፎ፣ ራሱን ነቅንቆ «ትንሽ ያንሳል» ይላል። ቀሚሱ አልቆ ሲመጣ «ትርፉስ?» ብትባል፣ «ምን ትርፍ አለው? እግዜር ይመስገን በይ፣ ለጥቂት ነው የበቃሽ» ነው መልሱ። ትርፉ ግን ከመኪናው ሥር ባለው ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ሴቶቹ ይጠረጥሩታል፣ ይጨቃጨቁታል፣ ለበዓል ደግሞ ተመልሰው እሱው ጋር ይመጣሉ። ሌላ እንደ እሱ የሚሰፋ የለማ!

«ጋሽ እሸቴ፣» አለችው ሐሚዳ፣ «ብጣሽ ጨርቅ ካለዎት ለልጄ ሠርግ የሚሆን ነገር ልሠራበት ነበር።»

እሸቴ ግራና ቀኙን አየና ማዳበሪያውን በእግሩ ገፋ አደረገላት። «ትራስ ለሚሞሉ ሰዎች ነበር የምሰጠው። ውሰጂው፣ ለልጅሽ ይሁን። ደግሞ ከየት አመጣሽው የሚል ቢመጣ፣ ከአረብ አገር ነው በይ።»

ሐሚዳ ቀልድ መሰላትና ስቃ ተሸክማው ሄደች። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። ብዙ ዓመት ውጭ የኖረ ሰው ስህተት ነው። ሻርጃ ውስጥ ቀሚስ ማለት ቀሚስ ነው፤ ዛሬ ተገዝቶ ነገ ይጣላል። እዚህ ግን አንዲት ሴት ለበዓል ቀሚስ ስትመርጥ፣ ጨርቁን መርካቶ ድረስ ወርዳ፣ ፀሐይ ላይ አውጥታ፣ ጎረቤት አማክራ ነው የምትገዛው። ከዚያ በኋላ ያንን ጨርቅ እንደ ልጇ ታውቀዋለች። ዓይኗን ጨፍነው ቢያስዳስሷት እንኳ አትስተውም።

ሐሚዳ በረንዳው ላይ ሰሌን ዘርግታ ትሰፋ ጀመር። መጀመሪያ ከማዳበሪያው ውስጥ አንድ ወይን ጠጅ መደብ ላይ ነጭ አበባ ያለበት ጨርቅ አገኘችና መሀሉ ላይ አኖረችው። ዙሪያውን ቢጫ ፖፕሊን፣ ከዚያ የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ፣ ከዚያ የዘበኛ ካኪ፣ ከዚያ ነጭ አቡጀዲ እየተከታተለ ሄደ። ከላይ ሲታይ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ወገብ ይቆርጣል፣ ጣት ይበሳል።

ሉባባ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ትተነፍሳለች። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። የፓኪስታን ሰው የሚያደርገውን ሁሉ እኛ ላይ?» ትላለች። ሉባባ ክፉ ሴት አይደለችም። ሳናን እንደ ወለደቻት አድርጋ ያሳደገች ናት፤ የፈራችውም ለሳና ነው። የሃይደር እናት ወይዘሮ ጦይባ መገናኛ ላይ ትልቅ ሱቅ አላት፣ ዘመዶቿም ሰው መዝነው የሚያዩ ናቸው። «እነዚህ ሰዎች፣» አለች ሉባባ፣ «የሙሽራዋን ጓዝ አንድ በአንድ ገልጠው ነው የሚያዩት። ድሪቶ ይዛ መጣች ከተባለች፣ ወላሂ አመድ አፋሽ ሆነን መቅረታችን ነው።»

ሳና ደግሞ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሰሌኑ ዳር ቁጢጥ አለች። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ እሱ ነው ሐሚዳን የበለጠ ያመማት።

«እማ፣ አትቀየሚኝ። ለፍተሽበታል፣ አያለሁ። ግን ይሄን ይዤ አማቶቼ ፊት ብቆም አንገቴን ደፍቼ ነው የምኖረው። እኔ ምንም አልፈልግም። መምጣትሽ ይበቃኛል።»

«ልጨርሰው፤» አለች ሐሚዳ መርፌውን ሳታቆም። «ስጨርሰው እዪውና ከዚያ እንቢ በዪኝ።»

ሳና ተነስታ ገባች። ሐሚዳ ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት አቃታት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ጎረቤቷ እንቁ ብቅ አለች። እንቁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ አንደበቷም እንደ ታይፕ መኪናዋ አያርፍም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራለትን ድሪቶ በዓይኗ አይታ ልትፈርድ ነው የመጣችው። ጎንበስ አለች። ዳሰሰችው። ከዚያ ክው አለች።

«ይሄ ጨርቅ የኔ ነው።»

«የቱ እትዬ እንቁ?»

«ይሄ! ወይን ጠጁ! የትንሣኤ ቀሚሴ ነው! ጨርቁ አንሷል ብሎ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ያሳጠረብኝ እኮ ነው! ይኸው አገኘሁት፣ እጅጌዬ እዚህ ተኝቷል!»

እንቁ ወደ እሸቴ በረንዳ ተፈተለከች። እሸቴ ከሩቅ አይቷት መኪናውን በሸራ ሸፈነና ለቅሶ አለብኝ ብሎ ተሰወረ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ወሬው በጋራዡ በኩል ዞሮ፣ በሚኒባሶቹ ተሳፍሮ፣ ሰፈሩን አዳረሰው። ብዙም ሳይቆይ የአብዱልገኒ ግቢ በሴት ሞላ። እያንዳንዷ ጎንበስ ትላለች፣ እያንዳንዷ የራሷን ታገኛለች። «ያ የዒድ ቀሚሴ ነው!» «ይሄ የልጄ ክርስትና!» ሱቅ ያላት ብርኽቲ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ፣ «የጨርቁስ ጉዳይ ይሁን። ለመሆኑ የሰውን ሁሉ ልብስ ቅዳጅ አንድ ላይ መስፋት ምን ማለት ነው? የሰው ብጣሽ ለምን ለምን እንደሚሰበሰብ የማናውቅ ነን እንዴ?» አለች። መተት የሚለውን ቃል ማንም በአፉ አልጠራውም። ሁሉም ግን ሰማው፤ አንዳንዷም ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ሉባባ መሬት ብትሰነጠቅላት በወደደች። ሳና በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ቆማለች። ሐሚዳ ያየችው እሷን ብቻ ነው። ልጇ ፊት ሌባም ጠንቋይም ስትባል፣ ፍርሃቷ ሁሉ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ተነሳች። ከቆርቆሮ ዕቃዋ ውስጥ መቀስ አውጥታ የበረንዳው ግንብ ላይ አስቀመጠች።

«ሉባባ፣ ያንን ጫፍ ያዢልኝ።»

ሉባባ ከመደንገጧ የተነሳ ያዘች። ሁለቱ ሪሊውን ብድግ አድርገው ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ወረወሩት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሙሉውን ያየው ሰው አልነበረም። ሁልጊዜ ሰሌን ላይ ተጣጥፎ፣ ተጨማዶ፣ ከፊሉ ጉልበቷ ላይ ሆኖ ነው የሚታየው። አሁን ግን የከሰዓት ፀሐይ ከፊቱ አለችና ጨርቁ በራ። ወይን ጠጁ መሀል ላይ አብቧል፤ ቢጫው ከቦታል፤ ሰማያዊውና ካኪው ነጩን እየዘለሉ እስከ ዳር ይሄዳሉ። የመርፌው መስመር እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ቀጥ ብሎ ከጫፍ ጫፍ ይወርዳል። አንዷ «ማሻአላህ» ስትል ተሰማች፣ ሳታስበው አምልጧት።

«እሸቴን ተዉት፤» አለች ሐሚዳ። «ሄጄ የለመንኩት እኔ ነኝ። ይሄን ሥራ ያስተማረችኝ ሴት፣ ጨርቅ ከባለቤቱ ነው የሚለመነው፣ በምርቃት ነው የሚሰጠው ብላኝ ነበር። እኔ በአቋራጭ ሄድኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ልለምን። ልጄ ልትዳር ነው። ስታድግ አላየኋትም፤ ያያችኋት እናንተ ናችሁ። ስትወድቅ ያነሳችኋት፣ ስትራብ ያጎረሳችኋት፣ ስታጠፋ የቆነጠጣችኋት እናንተ ናችሁ። ከእናንተ ጨርቅ ሌላ የማን ጨርቅ ላልብሳት? ሐላል በሉኝ። እንቢ የምትል ካለች ደግሞ መቀሱ ይኸው፤ የራሷን ቆርጣ ትውሰድ። ቀዳዳውን እኔ አውቅበታለሁ።»

እንቁ ወደ ግንቡ ሄዳ መቀሱን አነሳች። ገመዱ ድረስ መጥታ ወይን ጠጁ ፊት ቆመች፤ ዙሪያውን አየች፣ ከላይ እስከ ታች አየች።

«መሀል ላይ ያደረግሽው ለምንድን ነው?» አለች።

«ከሁሉ የሚያምረው እሱ ስለሆነ ነዋ።»

ውሸት አልነበረም። እንቁ ቀስ ብላ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ሰማችሁ?» አለች። መቀሱን ዘጋችና ለሐሚዳ አቀበለቻት። «ይቅር ለእግዚአብሔር። እናንተ እንዴት ነው የምትሉት? ሐላል? ሐላል ነው። የእሸቴን ግን አልምርም፣ እጅጌዬን ይቀጥልልኛል።»

ሳቅ ፈነዳ። ከሳቁ መሀል ብርኽቲ ብድግ ብላ፣ «ቆይ እንጂ! የእሷ መሀል ሲሆን የኔ ለምንድን ነው ዳር የተጣለው?» አለች። ያቺ ስለ ብጣሽ ስታጉረመርም የነበረችው ብርኽቲ! ከዚያማ ነገሩ ሌላ ሆነ። ጨርቋ የገባላት ቦታዋን ለጎረቤቷ ታሳያለች፤ ጨርቋ ያልገባላት ደግሞ ተቀየመች። «ሳናን ያዘልኳት እኔ፣ እኔ የለሁበትም?» ብላ አንዷ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የሚመጣው ጨርቅ ስለበዛ ሐሚዳ ዙሪያውን አዲስ ጠርዝ ለመጨመር ተገደደች። በቀጣዮቹ ቀናት ሰሌኑ ላይ ዙሪያውን ተቀምጠው፣ የወሎዋም የትግራይዋም የሸዋዋም ከየጫፋቸው ወደ መሀል እየሰፉ፣ ሰው እያሙ፣ አብረው ጨረሱት። ሉባባ ሳትቀር መርፌ ያዘች፣ ክሩን እንዴት እንደሚቋጠር ለሌሎቹም ማስተማር ጀመረች።

ሳና ግን አልተቀመጠችም። አልፎ አልፎ ሻይ ታቀርባለች፣ ቆም ብላ ታያለች፣ ተመልሳ ትገባለች። ሐሚዳ አልጠየቀቻትም። መጠየቅ ፈራች።

ፆሙ ተፈታ፣ ኒካሁ ታሰረ፣ የሠርጉ ቀን ደረሰ። ጓዝ ሲጫን ሐሚዳ ሪሊውን አጣጥፋ ለልጇ በእጇ ሰጠቻት። ሳና በቬሎዋ ውስጥ ሆና ተቀበለችው። «እሺ እማ» አለች፣ ያ ብቻ ነው። ከዚያ ሚዜዎቹ ወስደው መኪናው ውስጥ ከተቱት። ላዩ ላይ ደግሞ ከየዘመዱ የመጣ ነብር ተከመረበት፤ ሠርገኛው ሁሉ ተማክሮ ይመስል ነብር ነበር የሰጠው። እናት ሙሽራዋን ተከትላ አትሄድምና ሐሚዳ በሩ ላይ ቀረች። የመኪናው ጥሩምባ ወደ ሃያ ሁለት አቅጣጫ እስኪርቅ ቆማ ሰማች።

እስከ ቅልቅሉ ቀን የበላችው አልጣማትም። ልብሷን ወደ ሻንጣዋ መክተት ጀምራ ተወች፣ ደግማ ጀመረች።

የቅልቅሉ ዕለት የሙሽራዋ ወገን በሁለት ሚኒባስ ተጭኖ መገናኛ፣ ወይዘሮ ጦይባ ግቢ ደረሰ። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ የድንኳኑ ሙቀት ሌላ ነው። የሃይደር እህት ሐሚዳን በክብር ይዛ የሙሽሮቹን መኝታ ቤት ልታሳያት ወሰደቻት። በሩን ከፈተችው። አልጋው ላይ ነብር ተዘርግቷል፣ ትልቁና አዲሱ፣ ጥርሱን አግጦ።

«ያምራል፤» አለች ሐሚዳ። ሪሊው ሣጥን ውስጥ ይሆናል፣ ወይም ለዘበኛው ሰጥተውታል ብላ አሰበች። ልጄ አልፈረደችብኝም፣ እንደ ዘመኗ ነው የሆነችው ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች፣ አልሆነላትም። ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ከሰው ሁሉ ኋላ ወደ ድንኳኑ ገባች።

ገብታ ቀና ስትል ቆም አለች። ሙሽሮቹ ከተቀመጡበት ወንበር ጀርባ፣ ሌላው ሰው አበባና መጋረጃ በሚሰቅልበት ቦታ ላይ፣ ሪሊው ከላይ እስከ ታች ተዘርግቶ ተሰቅሏል። የድንኳኑ መብራት ሁሉ እሱ ላይ ነው። ሥሩ ሰው ተሰብስቧል፤ እንቁና ብርኽቲ ከሁሉ ቀድመው ደርሰው ለማያውቁት እንግዳ ሁሉ የየራሳቸውን ጨርቅ ያሳያሉ።

አንዲት ወርቅ የከበዳት የሃይደር አክስት ፊት ለፊት መጣች። «ሳና ልጄ፣» አለች ጮክ ብላ፣ «ይሄ ነገር ድሪቶ ነው እንዴ?»

ሉባባ የሐሚዳን ክንድ ጨበጠች። ሳና ከወንበሯ ተነሳች።

«አዎ አክስቴ፣ ድሪቶ ነው፤» አለች። አንገቷ ቀና ብሏል። «ሰፈሬ ሁሉ ያለበት ድሪቶ ነው። ይሄን እጅጌ የሰጡኝ እትዬ እንቁ ናቸው፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ። ይሄ የእትዬ ብርኽቲ ነው፣ ብስኩት በዱቤ የሰጡኝ። ውስጡ የአያቴ ጋቢ አለበት። አንድ ላይ የሰፋችው ደግሞ እናቴ ናት፣ ጣቷ እየደማ። ነብር ሁሉም ቤት አለ። ይሄ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። አልጋ ላይ ባነጥፈው ማን ያይልኛል ብዬ ነው እዚህ ያሰቀልኩት።»

ከወሎ ሰፈር ወገን የተነሳው እልልታ ድንኳኑን ሊገለብጠው ደረሰ። ወይዘሮ ጦይባም ከመቀመጫዋ ሆና እልልታውን ተቀበለች፤ አክስትዬዋም ጎንበስ ብላ የመርፌውን መስመር ትዳስስ ጀመር። «ለኔ ልጅም ቢሠራልኝ» ስትል የሰማት አለ። ሐሚዳ ደረቷ ውስጥ ታስሮ የኖረ ነገር ፈታ ሲል ተሰማት። ሻርጃ የምትባለው አገር ከልቧ ወጣች፣ ጠፋች። ከእንግዲህ የትም አልሄድም አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፤ ከሉባባም ጎን ተቀመጠች።

ያኔ ነው የቪዲዮ ቀራጩ፣ ያን ዓይን የሚያጠፋ መብራቱን አንግቦ፣ «የሙሽራዋ እናት! የሙሽራዋ እናት ወደዚህ ይምጡ!» ብሎ የተጣራው።

ሉባባ ተነሳች። ትምህርት ቤት የሳና እናት ሲባል፣ ሐኪም ቤት የሳና እናት ሲባል የምትነሳው እሷ ነበረችና ልማድ ሆኖባት ነው። ሐሚዳ አልተነሳችም፤ እሷም በዚያ ስም ተጠርታ አታውቅም። ሁለቱ ተያዩ። ሉባባ ቆም ብላ ተመልሳ ተቀመጠችና ሐሚዳን በክርኗ ጎሸመቻት።

«ተነሺ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ? አንቺን እኮ ነው!»

ሐሚዳ ተነሳች። ሁለት እርምጃ ሄደችና ተመለሰች፤ የሉባባን እጅ ይዛ ጎትታ አስነሳቻት። ሁለቱ ተያይዘው በሰው መሀል አልፈው፣ ከሳና ግራና ቀኝ ቆሙ።

«እናት አንድ ናት እኮ፤» አለ ቀራጩ ግራ ተጋብቶ።

«ሁለት ናቸው፤» አለች ሳና። ክንዷን ወደ ሐሚዳ ወገብ ሰዳ ወደ ራሷ አስጠጋቻት። «አንዷ አሳደገችኝ፣ አንዷ መጣችልኝ። ቅረጽ!»

መብራቱ በሐሚዳ ፊት ላይ በራ። አንገቷን አልደፋችም፤ እንባዋን ሳትጠርግ ቀጥ ብላ አየችው።